አልፕስን ተሻግሮ እስከ ቬኒስ ላጉን፦ የተከራየነው የጀልባ ተሳቢ ግምገማ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በሙኒክ አካባቢ ከሚገኝ አንድ አከራይ የወሰድነውን፣ ለአነስተኛ የሸራ ጀልባ የተሠራ ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ነው። የተከራየነውም ልጄና የጀልባ ጓደኛዋ በቬኒስ ላጉን (ከባሕር ጋር በተገናኘው ጥልቀት የሌለው ውኃ) ደቡባዊ ጫፍ፣ በኪዮጃ ከተማ አቅራቢያ በተዘጋጀ የወጣቶች ሬጋታ (የሸራ ጀልባ ውድድር) እንዲወዳደሩ፣ ጀልባቸውን በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር ላይ ባለው የብሬነር መተላለፊያ በኩል የአልፕስን ተራሮች ለማሻገር ነበር። በባቫሪያ፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ ከምንኖር ወላጆች መካከል ልጆቻቸውን በየሐይቁ ዳር ባሉ የሸራ ጀልባ ክበቦች ያስመዘገቡ አሉ፤ ልጁ ጥቂት ከጎለመሰ በኋላ ጀልባውን ወደ ጣሊያን ማን ይጎትተው የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ በአማርኛ ግን ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ነገር አላገኘሁም። ስለዚህ በዝርዝር እጽፋለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገርና፣ ተሳቢው በአሠራሩ ለዚህ ጉዞ ካየኋቸው ሁሉ የተሻለ ነው፤ የአከራዩ አገልግሎት ግን ሊታረሙ የሚገባቸው ከባድ ጉድለቶች አሉት።

ጀልባዋ 420 የምትባለው ዓይነት ናት። እ.ኤ.አ. በ1959 ፈረንሳዊው ክርስቲያን ሞሪ የነደፋት፣ ሁለት ሰው የሚነዳት፣ ርዝመቷ 4 ሜትር ከ20፣ የአካሏ ክብደት 80 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነ የፋይበር ግላስ ጀልባ ናት። ከክብደቷ አንጻር ማንኛውም የቤት መኪና ይጎትታታል። አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው፤ አካሏ ስስ በመሆኑ የተሳሳተ ቦታ ላይ ከታሰረች ትሰረጉዳለች፣ ሸራው የሚሰቀልበት የአሉሚኒየም ምሰሶዋም ከ6 ሜትር በላይ ስለሚረዝም ከተሳቢው አልፎ ይወጣል። ጥሩ ተሳቢ የሚባለው እንግዲህ ጀልባዋን ሳያነጥር የሚሸከም፣ ምሰሶውን ሳያወዛውዝ የሚይዝ፣ መዳረሻው ላይ ደግሞ ውኃ ውስጥ ለማውረድ የማያስቸግር ነው።

የተከራየነው ተሳቢ ሁለት ክፍል አለው። ታችኛው ክፍል በመኪና የሚጎተተው፣ ታርጋና መብራት ያለው የመንገድ ተሳቢ ነው። በላዩ ላይ ደግሞ የራሷ ሁለት ትንንሽ ጎማዎች ያሏት የእጅ ጋሪ ትቀመጣለች፤ ጀልባዋ የምትተኛው በዚህች ጋሪ ላይ፣ በቅርጿ ልክ በተሠራ አልጋ ውስጥ ነው። ውኃው ዳር ሲደረስ አንድ ብሎን ይፈታና ጋሪዋ ከነጀልባዋ ወደ ኋላ ተንሸራትታ ትወርዳለች፤ ወደ ውኃ የምትገባው እርሷ ብቻ ስትሆን የመንገዱ ተሳቢ ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል። ይህንን አሠራር ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ለጉልበት ስለሚያመች ብቻ ብዬ አይደለም፤ የተሳቢውን ኩሽኔታ ስለሚጠብቅ ነው፤ በረጅም መንገድ ላይ የጀልባ ተሳቢን ከሚያቆሙት ብልሽቶች ዋነኛው ደግሞ የኩሽኔታ መበላሸት ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ተሳቢ ለብዙ ሰዓታት ከተጎተተ በኋላ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት የጎማው እምብርት ይሞቃል፤ በውስጡ ያለው አየርም አብሮ ይሞቃል። ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ሲገባ ያ አየር በድንገት ይኮማተርና ኩሽኔታውን በሚዘጋው የላስቲክ ቀለበት በኩል ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ውኃው የሐይቅ ከሆነ ጉዳቱ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ የላጉን ጨዋማ ውኃ ሲሆን ግን ግሪሱን አበላሽቶ ብረቱን በፍጥነት ያዝገዋል፤ ተሳቢው ሲመለስ ደግሞ ያንኑ ተራራ በዚያው ኩሽኔታ ይወጣል። በወደቦችና በጀልባ ማውረጃዎች ላይ ብዙ ሰዎች ባለ አንድ ክፍል ተሳቢያቸውን እስከ አክስሉ ድረስ ሲያጠልቁ ይታያሉ፤ ከዚያም በመመለሻቸው በአንዱ የመንገድ ዳር ማረፊያ ላይ ጎማው ጢስ እያወጣ ይቆማሉ። ሁለት ክፍል ያለው ተሳቢ ይህን አደጋ ከሥሩ ስለሚያስቀር፣ ለባሕር ውድድር የሚከራይ ሰው በኪራይ ዋጋው ጥቂት ቢበልጥም እርሱን ቢመርጥ ይሻለዋል። እኛ በጉዞው መካከል ባረፍንበት ሁሉ የሁለቱን ጎማ እምብርት በእጅ እየዳሰስን እንፈትሽ ነበር፤ ለብ ከማለት አልፈው አያውቁም። አንዱ ከሌላው ይበልጥ ሞቆ ቢገኝ መቆም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የወደድኩት ነገር የተሳቢው የመሸከም አቅም ለጀልባዋ የተመጠነ መሆኑ ነው። ብዙ አከራዮች 750 ኪሎ ግራም የሚሸከም ተሳቢ ያቀርባሉ፤ ይህም በአውሮፓ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ሊኖረው የሚችለው ከፍተኛው ጠቅላላ ክብደት ነው። ነገር ግን ለዚያ ክብደት የተሠራ ማርገብገቢያ (የመንገዱን ድንጋጤ የሚያበርደው ክፍል) ቀላል ጀልባ ሲጫንበት አይታጠፍም፤ በመንገዱ መጋጠሚያዎች ላይ እየነጠረ ድንጋጤውን በሙሉ ወደ ጀልባዋ አካል ያስተላልፋል። የእኛ ተሳቢ ጠቅላላ ክብደት 450 ኪሎ ግራም ነበር፤ ጀልባዋ፣ ጋሪዋ፣ ሸራዎቹና ምሰሶው ተጨምረውበት 350 ኪሎ ግራም አልሞላም፤ ስለዚህም ማርገብገቢያው በሚገባ ይሠራ ነበር።

ዝቅተኛው ክብደት ሌላም ጥቅም አለው። በጀርመን ተሳቢ የሚጎትት መኪና በአውራ ጎዳና ላይ የተፈቀደለት ፍጥነት 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሆን፣ የ100 ፈቃድ የሚሰጠው አንዳንድ ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው። ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከሆነ ጠቅላላ ክብደቱ ከመኪናው ባዶ ክብደት 30 በመቶ ሊበልጥ አይገባም፤ የተሳቢው ጎማዎች ከስድስት ዓመት በታች ዕድሜ ያላቸው ሊሆኑ ይገባል፤ መኪናውም ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ሊኖረው ይገባል። ባዶ ክብደቱ 1,550 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና 450 ኪሎ ግራሙን ተሳቢ በዚህ ፈቃድ መጎተት ይችላል፤ 750 ኪሎ ግራሙን ግን 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ያልያዘ ሰው በ80 ብቻ ይጎትተዋል። ተሳቢውን የምትረከቡ ሁሉ በጎማው ጎን የተጻፈውን የምርት ሳምንትና ዓመት ራሳችሁ እንድታነቡ እመክራለሁ።

ስለ ጎማ ካነሣሁ አይቀር፣ የዚህ ተሳቢ ቸርኬ ባለ 13 ኢንች መሆኑ በጣም አስደስቶኛል። በርካሽ ተሳቢዎች ላይ የሚገኘው ባለ 10 ኢንች ጎማ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በደቂቃ 870 ጊዜ ያህል ሲዞር፣ ባለ 13 ኢንቹ 730 ጊዜ ያህል ብቻ ይዞራል። ቀኑን ሙሉ ለሚሽከረከር ኩሽኔታ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

አጫጫኑን በተመለከተ አከራዩ ያሳየን ሥርዓት ጥሩ ነበር፤ ሠራተኛው ታግሦ አስረድቶናል። በመኪናው መጎተቻ ኳስ ላይ የሚያርፈው ክብደት ሲያንስ ተሳቢው በቁልቁለት መወዛወዝ ይጀምራል። ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን ከተሳቢው ክብደት 4 በመቶ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ጭነት ይህ 14 ኪሎ ግራም ቢሆን ነው፤ ለተራራ መንገድ ግን ፈጽሞ አይበቃም። የመኪናው መመሪያ እስከሚፈቅደው መጠን መቅረብ ይሻላል። እኛ የሸራውን ቦርሳና የጀልባዋን መሪ ወደ ፊት በማስጠጋት፣ የተሳቢውን አፍ በተራ የሰው ሚዛን ላይ አስደግፈን 40 ኪሎ ግራም አካባቢ እስኪደርስ አስተካከልነው። ሚዛን ከቤት ይዞ መሄድ ቀላል ነው፤ ማንም ሊያደርገው ይገባል።

ማሰሪያ ቀበቶዎቹ ሰፋፊና አዳዲስ ነበሩ። ቀበቶ ያለ ልክ ከተወጠረ የጀልባዋን ጠርዝ ስለሚጨፈልቅ ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ማድረግ ግድ ነው፤ ቀበቶውን አንድ ጊዜ ጠምዘዝ አድርጎ ማሰር ደግሞ በንፋስ እየተርገበገበ እንዳይጮኽና እንዳይላላ ይረዳል። ከመነሻው ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ከተጓዙ በኋላ ቆሞ እንደገና መወጠርም ያስፈልጋል፤ ጀልባዋ በአልጋዋ ውስጥ ትመቻችና ቀበቶው ይላላል። ምሰሶው ከፊት ባለው ቋሚ ድጋፍና ከኋላ ባለው ማረፊያ ላይ ተደግፎ በሦስት ቦታ ታስሯል። አንድ የንድፍ ጉድለት ግን እዚህ ላይ አለ፤ የፊተኛው ድጋፍ ዝቅ ያለ በመሆኑ የምሰሶው ጫፍ ከመኪናው የኋላ በር ጀርባ ላይ ያርፋል፤ በሩ ወደ ላይ ሲከፈት ከምሰሶው ጋር ይጋጫል። ስለዚህ በመንገድ ላይ የሚያስፈልገው ምግብ፣ ውኃና የዝናብ ልብስ በኋላ ወንበር መቀመጥ አለበት። ድጋፉ አንድ ስንዝር ቢረዝም ኖሮ ይህ ችግር አይኖርም ነበር።

ወደ መንገዱ ልግባ። ከሙኒክ በሮዘንሃይምና በኩፍሽታይን አድርጎ እስከ ኢንስብሩክ ያለው ክፍል ሜዳ ስለሆነ ብዙ የሚባል ነገር የለውም፤ የኦስትሪያን የአውራ ጎዳና ክፍያ ተለጣፊ መግዛት ብቻ ያስፈልጋል፤ ለቀላል ተሳቢው የተለየ ተለጣፊ አይጠየቅም። ከኢንስብሩክ ጀምሮ በ35 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ መንገዱ ወደ 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣና 1,370 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው የብሬነር መተላለፊያ ይደርሳል። ይህ ክፍል የራሱ የሆነ ክፍያ አለው። ብዙ የመኪና አምራቾች ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሚጎተተው ጠቅላላ ክብደት በ10 በመቶ እንዲቀነስ ያዝዛሉ፤ ለ350 ኪሎ ግራም ይህ የሚያሳስብ አልሆነም፤ መኪናችንም ሳትጨነቅ ወጥታዋለች። ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልገው እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተው፣ ከሸለቆው 190 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተዘረጋው የአውሮፓ ድልድይ ነው። እዚያ ላይ የጎን ንፋስ ድንገት ይመታል፤ በሸራ ክዳን የተሸፈነች ጀልባም ንፋሱን ትቀበላለች። ክዳኑ በደንብ የተወጠረ ካልሆነ እየተርገበገበ የጀልባዋን ልስላሴ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። አከራዩ የሰጠን ክዳን ከሆዷ ሥር የሚታሰሩ ገመዶች ስለነበሩት አልተነቃነቀም።

ወደ መተላለፊያው ሲቃረቡ የሉዌግ ድልድይ አለ፤ በእድሳቱ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በአብዛኛው በየአቅጣጫው በአንድ መስመር ብቻ ስለሚያሳልፍ፣ ሰልፉ ላይ ደጋግሞ መቆምና መነሣት ይጠብቃችኋል። ዳገት ላይ ከነተሳቢው መነሣት ፍሪሲዮንን ስለሚያቃጥል፣ ከፊት ያለው መኪና በቂ ርቀት እስኪሄድ ጠብቆ አንድ ጊዜ መነሣት ይሻላል።

ከድንበሩ በኋላ መንገዱ በሰሜን ጣሊያን እስካለችው የቦዜን ከተማ ድረስ ከ1,100 ሜትር በላይ ይወርዳል። የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወደ ወንዙ በማርሽ የወረደ ሹፌር እዚህ ምን ማድረግ እንዳለበት ማንም ሊነግረው አያስፈልግም፤ መንገዱ ከዚያኛው ይልቅ የተዘረጋና ለስላሳ ቢሆንም፣ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከኋላ እየገፋ ስለሚመጣ ሸክሙ ሁሉ የሚወድቀው በመኪናው ፍሬን ላይ ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ መቀነስ፣ ፍሬኑን አጠር አጠር አድርጎ መያዝና መልቀቅ ያስፈልጋል። ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ነዳጅ መልቀቅ እንጂ በመሪ ለማስተካከል መሞከር አደጋውን ያባብሳል። የእኛው ተሳቢ ከባድ መኪኖች በአጠገባችን ሲያልፉ እንኳ ከመስመሩ ሳይናወጥ ተከትሎናል፤ በዚህ ረገድ የማቀርበው ቅሬታ የለም።

በጣሊያን ሕጉ ጠበቅ ይላል። ተሳቢ የሚጎትት መኪና በአውራ ጎዳና ላይ ከ80፣ ከከተማ ውጭ ባሉ ሌሎች መንገዶች ላይ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አይፈቀድለትም፤ የጀርመኑ የ100 ፈቃድ እዚህ አይሠራም። የመንገድ ክፍያው በአክስል ቁጥር ስለሚሰላ ባለ አንድ አክስል ተሳቢ መኪናውን ወደ ባለ ሦስት አክስል መደብ ያሸጋግረዋል። ከተሳቢው ወደ ኋላ የሚያልፍ ማንኛውም ጭነት፣ የምሰሶው ጫፍ ጭምር፣ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀይና ነጭ ሰያፍ መስመር ያለው አንጸባራቂ ሰሌዳ ሊኖረው ይገባል። ይህ ሰሌዳ ከተሳቢው ጋር ተሰጥቶናል፤ አከራዩ መዳረሻችንን ጠይቆ ራሱ ማሰቡ የሚመሰገን ነው። ከትሬንቶ በኋላ በቫልሱጋና ሸለቆ በባሳኖ በኩል ወደ ፓዶቫ መውረድ ይቻላል፤ በቬሮና ዞሮ በአውራ ጎዳናው መሄድም ይቻላል። ቫልሱጋና ያጥራል፤ ነገር ግን በብዙ ቦታ በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ስላለው በ70 የሚሄድ ተሳቢ ከኋላው ረጅም ሰልፍ ያስከትላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጎትት ሰው ቬሮና ትሻላለች።

ላጉኑ 550 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ በሦስት በሮች ብቻ ከአድሪያቲክ ባሕር ጋር የሚገናኝ ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል በአንዳንድ ቀናት የውኃው ከፍታ እስከ አንድ ሜትር ድረስ ይለዋወጣል፤ የጀልባ ማውረጃው ታችኛው ክፍል በአረንጓዴ አልጌ ተሸፍኖ ያንሸራትታል። የእጅ ጋሪዋ ዋጋ እዚህ ላይ ታየ። ሁለቱ ልጆች ጀልባቸውን ያለ ማንም እርዳታ አወረዱ፤ መኪና ወደሚያንሸራትተው መሬት መግባት አላስፈለገውም። ሌሎች ቡድኖች ለማንሻ ማሽን ተራ ሲጠብቁ የእኛዎቹ ውኃው ላይ ነበሩ። ማታ ማታ ጋሪዋን በንጹሕ ውኃ ማጠብ ብቻ በቃ። ቅር ያለኝ ነገር ቢኖር የጋሪዋ ጎማዎች ጠባብ በመሆናቸው ለስላሳ ጭቃ ላይ መስመጣቸው ነው፤ ሰፋፊ ጎማ እንደ አማራጭ ቢቀርብ መልካም ነው።

አሁን ስለ አገልግሎቱ። ከሁሉ የሚከብደው ጉድለት ስኮርታ በኪራዩ ውስጥ አለመካተቱ ነው። ስንጠይቅ በተጨማሪ ክፍያ ተሰጠን፤ ባንጠይቅ ኖሮ የሚነግረን አልነበረም። የመኪናው ስኮርታ ለተሳቢው አይሆንም፤ የተሳቢ ጎማ ልክም በየመንገዱ ጋራዥ አይገኝም፤ እሑድ ቀን በተራራ መካከል ጎማ የፈነዳበት ቤተሰብ ውድድሩን ያጣል ማለት ነው። ተሳቢ እስከ ባሕር ድረስ እንደሚጎተት እያወቁ ያለ ስኮርታ ማከራየት ኃላፊነት የጎደለው አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ። ክሪክና የጎማ መፍቻም ከተሳቢው ብሎን ጋር መግጠማቸውን አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል።

ሌላው የመብራቱ ሶኬት ነው። ከኋላ የሚገጠመው የመብራት ሰሌዳ ገመድ ጫፍ በውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ስለነበር የግራው ፍሬቻ አልፎ አልፎ ይጠፋ ነበር፤ በመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ጠርገን አስተካከልነው። የተሳቢው የፊት እግር ጎማ መያዣም በንዝረት ይላላ ስለነበር በገመድ አሰርነው፤ ይህች ጎማ በጉዞ ላይ ወደ መሬት ብትወርድ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። ሁለቱንም ስንመልስ በጽሑፍ አሳውቀናል፤ አከራዩም ያለ ክርክር ተቀብሎ ከኪራዩ ላይ ጥቂት ቀንሶልናል። ውሉን በተመለከተ፣ ከጀርመን ውጭ መጎተት መፈቀዱ በግልጽ ተጽፎ እንደሆነ ሳታነቡ አትፈርሙ፤ የእኛው ይፈቅድ ነበር።

ለእንዲህ ዓይነት ተሳቢ ተራው የቤት መኪና መንጃ ፈቃድ በቂ ነው፤ ጠቅላላ ክብደቱ እስከ 750 ኪሎ ግራም የሆነ ተሳቢ በእርሱ ይጎተታል። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚሄድ ቤተሰብ ኪራዩ ያዋጣል። ልጆቹ በየወሩ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ የሚወዳደሩ ከሆነ ግን ሁለት ክፍል ያለውን ተሳቢ መግዛት ይሻላል፤ በጀርመን ለስፖርት ጀልባ ብቻ የሚያገለግል ተሳቢ አረንጓዴ ታርጋ ሊያገኝና ከተሽከርካሪ ግብር ነፃ ሊሆን ይችላል።

ተሳቢውን ለጰራቅሊጦስ ዕረፍት የምትፈልጉ ከሆነ በአውሮፓ የብርድ ወራት አስቀድማችሁ አስይዙ። በባቫሪያ ትምህርት ቤቶች በዚያን ጊዜ ለሁለት ሳምንት ስለሚዘጉ ብሬነር በመኪና ይሞላል፤ የኦስትሪያዋ ክፍለ ሀገር ቲሮል ደግሞ በዕረፍት ቀናት አቋርጠው የሚያልፉ መኪኖች ከአውራ ጎዳናው ወጥተው በመንደሮቹ ውስጥ እንዳያልፉ ስለምትከለክል ሰልፉን ማምለጫ መንገድ የለም። ቅዳሜን ትቶ በሳምንቱ መካከል፣ ገና ሳይነጋ መነሣት ከሁሉ ይሻላል፤ አከራዩም ተሳቢውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ በዋዜማው ማታ ያስረክባል።